«ወሰደ» እና «ቴክ»፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ግስ ፍቺዎችና በአማርኛችን ውስጥ ያደረጉት ጉዞ

1. መግቢያ

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ፣ ወልድያ ውስጥ በማስተምረው የትርጉም ትምህርት ላይ የገጠመኝ አንድ ጥያቄ ነው። ለተማሪዎቼ «ቴክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ የገባባቸውን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ሰጥቼ ወደ አማርኛ እንዲመልሷቸው አዝዤ ነበር። ከዓረፍተ ነገሮቹ አንዱ አንድ ስብሰባ መርሳ ከተማ መካሄዱን ይናገራል። አንድ ተማሪ ቃል በቃል ተርጉሞ «ስብሰባው መርሳ ላይ ቦታ ወሰደ» ብሎ አነበበ። ክፍሉ በሣቅ ተሞላ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ። ተማሪው ግን አላፈረም። ሣቁ ጋብ ሲል እጁን አወጣና «መምህር፣ ‹እርምጃ ተወሰደ› ሲባል ታዲያ ለምን አንሥቅም? እሱስ ከየት መጣ?» ሲል ጠየቀ።

በዚያን ዕለት የሰጠሁት መልስ «እሱ የተለመደ ነው» የሚል ነበር። ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳወጣ ሳወርደው ግን የሰጠሁት መልስ መልስ አለመሆኑን ተረዳሁ። ተማሪው የጠየቀው አንዱ ለምን ተለመደ፣ ሌላው ለምን አልተለመደም ነውና «የተለመደ ነው» ማለት ጥያቄውን መልሶ ለጠያቂው መስጠት ነው። ከዚህም በላይ «እርምጃ ተወሰደ» የሚለው አነጋገር በሀገራችን ታሪክ ውስጥ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነገሮችን መመርመር ነው። አንደኛ፣ «ቴክ» በራሱ ቋንቋ ምን ዓይነት ግስ እንደሆነ፤ ሁለተኛ፣ የእኛው «ወሰደ» በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ሕዝብ የዕለት ተዕለት ንግግር ውስጥ ምን እንደሚል፤ ሦስተኛ፣ የፊተኛው ፍቺዎች በኋለኛው ላይ ሲጫኑ ምን እንደምናተርፍና ምን እንደምናጣ። እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር እንጂ የሥነ ልሳን ተመራማሪ አይደለሁም። ምሳሌዎቼም ከገበያ፣ ከሚኒባስና ከክፍል ውስጥ በጆሮዬ የለቀምኋቸው ናቸው። ስለዚህ አንባቢ ጽሑፉን እንደ ሂሳዊ ንባብ እንጂ እንደ ተሟላ የቋንቋ ጥናት እንዳይቆጥረው አሳስባለሁ።

2. የ«ቴክ» ጠባይ

«ቴክ» ለእንግሊዝኛ ራሱ እንግዳ ነበር። ቃሉ ቫይኪንግ ከሚባሉት የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች ቋንቋ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ማብቂያ ዘመን የገባ ነው። ከእሱ በፊት በቦታው የነበረው «ኒማን» የሚባል ግስ ነበር። ይህም ዛሬ ጀርመኖች «ኔመን» ከሚሉት ጋር ዘመድ ነው። እንግዳው ባለቤቱን ቀስ በቀስ ገፍቶ አስወጣው። ከ«ኒማን» ዘር በዛሬው እንግሊዝኛ ከቀሩት ጥቂት ቃላት አንዱ «ነም» ሲሆን ፍቺው «የደነዘዘ» ማለት ነው። ጥንተ ነገሩ «ስሜቱ የተወሰደበት» እንደ ማለት ነው። ይህን ታሪክ የማነሣው በቅድሚያ አንድ ነገር ለማስጠንቀቅ ነው። ግስን ከሌላ ሕዝብ መቀበል በራሱ ነውር አይደለም፤ ዛሬ ያለ እሱ መናገር የማይችሉት እንግሊዞች እንኳ «ቴክ»ን ያገኙት ከወራሪዎቻቸው ነው።

የግሱ ፍቺዎች ብዙ ናቸው፤ ዋና ዋናዎቹን ከአማርኛ አቻዎቻቸው ጋር በሚከተለው መንገድ መመደብ ይቻላል።

ሀ) በእጅ ማንሣት፦ መጽሐፉን ከጠረጴዛው አነሣ።
ለ) ወደ ሌላ ቦታ ማድረስ፦ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ወሰደ።
ሐ) መቀበል፦ ስጦታውን ተቀበለ፤ ምክሩን ሰማ።
መ) ወደ ሰውነት ማስገባት፦ ኪኒኑን ዋጠ፤ ሽሮፑን ጠጣ።
ሠ) መፍጀት፦ መንገዱ ሁለት ሰዓት ፈጀ።
ረ) መሳፈር፦ አውቶቡስ ተሳፈረ፤ ባጃጅ ያዘ።
ሰ) መመዝገብ፦ ፎቶ አነሣ፤ ማስታወሻ ያዘ፤ ሙቀት ለካ።
ሸ) መቁጠር፦ ቀልዱን እንደ ስድብ ቆጠረው።

በዚህ ላይ ግሱ ትንንሽ ቃላትን ከኋላው እያስከተለ የሚወልዳቸው ፍቺዎች አሉ። «ቴክ ኦፍ» ለልብስ ሲሆን «አወለቀ»፣ ለአውሮፕላን ሲሆን «ተነሣ» ነው፤ «ቴክ ኦቨር» «ተረከበ» ነው፤ «ቴክ አፍተር» ደግሞ እኛ «ልጁ በአባቱ ወጥቷል» የምንለው ነው።

ከዚህ ዝርዝር የምንማረው «ቴክ» ብዙ ፍቺ ያለው መሆኑን ብቻ አይደለም። በብዙዎቹ ምሳሌዎች ሥራውን የሚሠራው ስሙ ነው፤ ግሱ ስሙን ተሸክሞ ከመቆም በቀር የራሱ ይዘት እምብዛም የለውም። እንዲህ ያለው ግስ በእኛም ቋንቋ አለ። ዕቁብ ይጣላል፤ ዕጣ ይጣላል፤ ድንኳን ይጣላል፤ ድግስም ይጣላል። ይሁንና ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም ወደ መሬት የወረወረው ሰው የለም። አንድ የውጭ ሀገር ሰው «ጣለ»ን በራሱ ቋንቋ «ወረወረ» እያለ ዕቁባችንን ቢተረጉም እንደምንሥቅበት ሁሉ፣ «ቦታ ወሰደ» ያለው ተማሪዬም ያሣቀን በዚሁ ምክንያት ነው። የሁለት ቋንቋዎች ስሞች ሊገጣጠሙ ይችላሉ፤ ባዶ ግሶቻቸው ግን እምብዛም አይገጣጠሙም።

3. «ወሰደ» በአገርኛው አፍ

የአማርኛው «ወሰደ» ባዶ ግስ አይደለም። በግዕዝም «ወሰደ» መምራትን፣ ማድረስን፣ ይዞ መሄድን የሚያመለክት ነው። እንግሊዞች «ቴክ» ለሚሉት ዋና ፍቺ የግዕዙ አቻ «ነሥአ» ነው። ይህ ሥር በአማርኛ «ተነሣ» እና «አነሣ» ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ «ፎቶ አነሣ» ሲል ሳያውቀው የጥንቱን ግስ በአዲሱ መሣሪያ ላይ እየሠራበት ነው።

የ«ወሰደ» መሠረታዊ ባሕርይ ሁለት ነው ብዬ አምናለሁ። አንደኛው መራቅ ነው፤ የሚወሰድ ነገር ካለበት ቦታ ይለቃል። የተቃራኒው አቅጣጫ ግስ «አመጣ» ነው። ወልድያ መናኸሪያ ላይ የቆመ እንግዳ «ይህ መንገድ ወዴት ይወስዳል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በደቡቡ መውጫ ከሆነ «ወደ መርሳ» የሚል መልስ ያገኛል። ሁለተኛው ባሕርይ ጉድለት ነው፤ አንድ ሰው ሲወስድ ብዙ ጊዜ ሌላው ይጎድልበታል። ይህን ጉድለት የሚያሳየው «-ብ» የሚለው ምዕላድ ነው። «ተወሰደ» እና «ተወሰደብኝ» በሚሉት መካከል ያለውን ርቀት ለማንም አማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከሰው አቅም በላይ የሆኑ ኃይሎችም ይወስዳሉ። ጎርፍ ይወስዳል፤ ነፋስ ይወስዳል፤ እንቅልፍ ይወስዳል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሐዘን ቤት ተቀምጦ «ፈጣሪ ወሰደው» ይላል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የተወሰደው ሰው ፈቃዱ አልተጠየቀም።

አንድ ነገር ለሰው ስንዘረጋ ደግሞ የምንጠቀመው ሌላ ቃል ነው፤ «እንካ»፣ «እንኪ»፣ «እንካችሁ»። እንግሊዝኛው በዚህም ቦታ «ቴክ» ማለት ይበቃዋል። ልዩነቱን በደንብ ያስተዋልሁት መርሳ መንገድ ዳር ከአንዲት ማንጎ ሻጭ እናት ዘንድ ነው። ፍሬውን እንድቀምስ ቆርጠው ሲዘረጉልኝ «እንካ ልጄ፣ ቅመሰው» አሉኝ። ከዚያ በዋጋ ስንከራከር ቆየን። እኔም «እትዬ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ» እያልሁ አስቸገርኋቸው። በመጨረሻ እጃቸውን ወደ ፍሬው ወርወር አድርገው «በል ውሰደው» አሉ። «እንካ» ሲሉኝ እየሰጡኝ ነበር፤ «ውሰደው» ሲሉኝ ግን እየተሸነፉልኝ ነበር። ፍሬው ያው ነው፤ እጁም ያው ነው። በግሶቹ ምርጫ ግን የሴትዮዋ ስሜት ተገልጿል። በእንግሊዝኛ ይህን ልዩነት ለማሳየት ከግሱ ውጭ ሌላ ቃል ወይም የድምፅ ለውጥ መፈለግ ይኖርብናል።

እንግዲህ ከላይ ከተባለው ተነሥቶ አንድ ቀላል መፈተኛ ማውጣት ይቻላል። በአገርኛው «ወሰደ» ላይ ሁለት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይቻላል፤ «ከየት ወይም ከማን?» እና «ወዴት?» የሚሉትን። ጎርፉ በሬውን ከማሳው ላይ ወደ ቆላው ወሰደው። «ፈተና ወሰደ» በሚለው ላይ ግን ጥያቄዎቹን ብናነሣ መልስ የለም። ፈተናውን ከማን ወሰደው? ወዴት ወሰደው? እንዲያውም ፈተናን በእርግጥ የወሰደ ተማሪ ቢኖር የሚጠብቀው ቅጣት ነው።

4. ከ«ቴክ» ወደ «ወሰደ»

በዛሬው አማርኛ በ«ቴክ» አምሳል የተቀረጹትን የ«ወሰደ» ሐረጎች በሦስት እከፍላቸዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ጉዳት የሌላቸው ናቸው። «ኮርስ ወሰደ»፣ «ጊዜ ይወስዳል»፣ «ለምሳሌ ይህን ብንወስድ» የሚሉት በዚህ ይመደባሉ። ከወልድያ መርሳ ለመሄድ የተሳፈረ ሽማግሌ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ሲጠይቅ ወጣቱ ረዳት «ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ሁለቱም ተግባብተው ይሄዳሉ። እኔም ራሴ «ብንወስድ» የሚለውን በየትምህርቱ ሰዓት እደጋግመዋለሁ። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ እንኳ ከረቂቁ ላይ ደጋግሜ ሰርዤዋለሁ። የቋንቋ ዘበኛ ለመሆን የሚያበቃ ንጽሕና የለኝም።

ሁለተኛዎቹ ጥሩ የነበረውን የሚያስለቅቁ ናቸው። «ሥልጠና ወሰደ» መጥቶ «ሠለጠነ»ን፣ «ልምድ ወሰደ» መጥቶ «ልምድ ቀሰመ»ን እየገፋ ነው። መቅሰም የንብ ሥራ ነው፤ ደክሞ፣ መርጦ፣ ከአበባ አበባ ዞሮ ማግኘትን ያሳያል። «ኃላፊነት ወሰደ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በአገርኛው አስተሳሰብ ኃላፊነት ሸክም ነውና ይሸከሙታል፤ አደራም ይቀበሉታል፣ ይጠብቁታል፣ ክፉ ሰው ሲሆን ይበሉታል። «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ያለ ሰው ግን ምን እንደ ከበደው አይታወቅም። አንዳንዴም ወስዶት የት እንዳደረሰው አይታወቅም።

በዚህ ክፍል ከሁሉ የሚከፋው «መድኃኒት ወሰደ» የሚለው ነው። ከሀብሩ ገጠር ለሕክምና ወደ እኔ የመጡ አንዲት ዘመዴን ወደ ሐኪም ይዣቸው ሄጄ ነበር። ቀደም ብሎ መድኃኒት ታዝዞላቸዋል። ባለሙያው «እናቴ፣ መድኃኒቱን ወስደዋል?» ሲላቸው «አዎ ልጄ፣ ወስጃለሁ» አሉ። ሕመሙ ግን አልቀነሰም። ባለሙያው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሌላ ጠንከር ያለ ሊያዝዝ ወረቀቱን ሳበ። እኔ በሆዴ የተጠራጠርሁትን ይዤ «ውጠውታል?» አልኋቸው። «ኧረ አልዋጥሁም፤ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ሳልጠይቅ እንዴት ብዬ» ብለው ከመቀነታቸው ፈትተው ሙሉውን አወጡት። ዘመዴ አልዋሹም፤ መድኃኒቱን ከመድኃኒት ቤቱ ወደ ቤታቸው በእርግጥ ወስደዋል። ባለሙያውም አልተሳሳተም፤ በተማረበት ቋንቋ አስቦ በአማርኛ ጠየቀ። ክፍተቱ ያለው በግሱ ውስጥ ነበር። «ዋጠ»፣ «ጠጣ»፣ «ተወጋ»፣ «ተቀባ» የሚሉ አራት ግልጽ ግሶች እያሉን በአንድ ድፍን ግስ ስንተካቸው የምንጎዳው የአነጋገር ለዛ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። አማርኛ አንዳንዱን የ«ቴክ» ፍቺ ተቀብሎ ሌላውን የከለከለው በምን ሕግ ነው? «ነገሩ አዲስ ሲሆን ሐረጉም ከውጭ ይመጣል» እንዳንል ፎቶ ይቃወመናል። ፎቶ ከውጭ መጣ፤ በምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱን ፎቶ ያነሡ ከነበሩት አንዱ አርመናዊው ቦያጅያን ነበር። ሆኖም ሕዝቡ «ፎቶ ወሰደ» አላለም፤ «አነሣ» አለ እንጂ። እኔ የደረስሁበት ግምት እንዲህ ነው። ፎቶ ወደ ሕዝቡ የገባው በዓይንና በአፍ ነው፤ ሰው አየው፣ በራሱ ግስም ጠራው። ኮርስ፣ ሥልጠናና ፈተና ግን የገቡት በወረቀት ነው፤ ደንባቸው፣ ቅጻቸውና መማሪያ መጽሐፋቸው በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ በጽሕፈት ቤት ውስጥ ተተረጎመ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ጎልቶ የነበረው ፈረንሳይኛም ተመሳሳይ ባዶ ግስ ስላለው መንገዱን አስቀድሞ ጠርጎት ሊሆን ይችላል። ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ግን ዋናው ምንጭ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ለተማሪዬ ጥያቄ የመጀመሪያው ከፊል መልስ ይህ ነው፤ የምንሥቀው በተማሪ ትርጉም ላይ ነው፤ በጽሕፈት ቤት ትርጉም ላይ አንሥቅም።

5. «እርምጃ ተወሰደ»

ሦስተኛው ክፍል አንድ ሐረግ ብቻ የያዘ ቢሆንም ከሁሉ የከበደው ነው። «እርምጃ» ከ«ተራመደ» የወጣ የእግር ሥራ ነው። ሰው እርምጃን ይራመዳል፣ ያፈጥናል፣ ይገታል እንጂ አይወስድም። «እርምጃ ወሰደ» የሚለው በእንግሊዝኛው አምሳል የተሠራ መሆኑን የሚጠራጠር ያለ አይመስለኝም።

ይህ የቢሮ ሐረግ በደርግ ዘመን ሌላ ሥራ ተሰጠው። በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ስድሳ ያህል ባለሥልጣናትንና መኮንኖችን ያለ ፍርድ ገደለ። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ «አብዮታዊ እርምጃ» እና «ነጻ እርምጃ» የሚሉት የግድያ መጠሪያዎች ሆነው በሬዲዮና በጋዜጣ የሕዝብ ጆሮ ሞሉ። «እርምጃ ተወሰደባቸው» ማለት ተገደሉ ማለት ሆነ።

የዓረፍተ ነገሩን አሠራር ልብ ብለን እንመልከት። ግሱ ተደራጊ ስለሆነ ወሳጁ የለም። ባለቤቱ «እርምጃ» ነው። የሞተው ሰው ደግሞ «-ባቸው» በሚለው ምዕላድ ውስጥ ተሰውሯል። ገዳይ የሌለበት፣ ሟችም በምዕላድ ብቻ የታየበት ግድያ ነው። «ገደልናቸው» የሚለው ግስ «ማን?» የሚል ጥያቄን አስከትሎ ይመጣል፤ «እርምጃ ተወሰደባቸው» የሚለው ግን ጥያቄውን በሰዋስው ዘግቶ ይመጣል።

ነገር ግን የሕዝቡ ጆሮ በዚህ አልተታለለም። ከላይ ያነሣሁትን መፈተኛ እዚህ ብንሞክረው መልስ እናገኛለን። ምን ተወሰደ? ሕይወት። ከማን? ከእነሱ። ወዴት? የማይመለሱበት። ለመሸፈን የተመረጠው የትርጉም ሐረግ፣ አገርኛው «ወሰደ» በውስጡ የያዘውን መራቅና ጉድለት፣ በተለይም ያችን «-ብ»፣ ሊያስለቅቅ አልቻለም። ሐረጉን የቀረጸው ቢሮ ባዶ ግስ የተጠቀመ መስሎት ነበር፤ የሰማው ሕዝብ ግን ግሱን በሙሉ ፍቺው ሰማው።

ዛሬ ሐረጉ ወደ ቢሮው ተመልሷል። የማስተካከያ እርምጃ፣ አስተዳደራዊ እርምጃ፣ ሕጋዊ እርምጃ ይወሰዳል። ለልጆቻችን ይህ ተራ ነገር ነው። ለትልልቆቹ ግን አይደለም። አንድ ጊዜ ከአንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ጋር ስንሄድ በአንድ አጥር ላይ «ቆሻሻ የጣለ እርምጃ ይወሰድበታል» የሚል ጽሑፍ አይተው ቆሙ። «ይህ እርምጃ የአሁኑ ነው የድሮው?» አሉኝ። ቀልደው ነበር፤ ሆኖም አልሣቁም።

6. ወሳጁ የጠፋበት ግስ

ለሥነ ጽሑፍ ሰው ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። ኦሮማይን በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ሁሉ ከዚያ ወዲህ የሚጠቀመው ግስ «ወሰዱት» ወይም «ተወሰደ» ነው። ማን እንደወሰደው በ«ወሰዱት» ውስጥ ስም የሌለው «እነሱ» ሆኖ ይቀራል። ወዴት የሚለውም መልስ የለውም። ጋዜጠኛና ደራሲ፣ ሕይወቱን ሙሉ ለዓረፍተ ነገር ባለቤትና ማሰሪያ ሲያበጅ የኖረ ሰው፣ በመጨረሻ ባለቤት በሌለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጠፋ። የሥነ ጽሑፍ ክፍሎቻችን ኦሮማይን ሲያስተምሩ ስለ ገጸ ባሕርያትና ስለ ታሪክ አወቃቀር ብዙ ይላሉ፤ ደራሲው ራሱ ስለገባበት ግስ ግን እምብዛም አናነሣም።

ወልድያም ይህን ግስ በራሷ ሕይወት ታውቀዋለች። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነት ውስጥ ቆይታለች። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ወደየቤታችን ስንመለስ፣ ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቀው «ምን ተወሰደባችሁ?» እያለ ነበር። መልሱ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ መልሱ ሰው ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ለሁለቱም አንድ ነበር። እኔ ከመደርደሪያዬ የጠፉትን መጻሕፍት ልዘረዝር አፌን ስከፍት፣ የጠየቀችኝ ሴት ያጣችው ወንድሟን መሆኑን አስታወስሁና ዝም አልሁ። በአንድ ግስ ሁለታችንም ተጠይቀናል፤ መልሳችን ግን እኩል አልነበረም። እንዲህ ያለውን ክብደት የሚሸከም ግስ ስለ ፈተናና ስለ ሻወር በምንናገርበት ጊዜ ሁሉ ስንጎትተው እንዳይደነዝዝ እሰጋለሁ። የእንግሊዞቹ «ነም» ትዝ የሚለኝ እዚህ ላይ ነው።

7. ስለ መዝገበ ቃላትና ስለ ክፍል ትምህርት

ተማሪ በዚህ ጉዳይ ምን እርዳታ አለው? ቮልፍ ሌስላው በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ የሚተረጉም ነው። ለ«ቴክ» ዓይነት ግስ ከዚህ የተሻለ መንገድ አይታየኝም፤ የግሱን ፍቺ የሚወስነው ተከታዩ ስም ነውና። በዚያው ዓመት የወጣው የአምሳሉ አክሊሉና የሞዝባክ መዝገበ ቃላትም ለተማሪ እጅ የቀረበና ብዙ ትውልድ ያስተማረ ነው። የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ደግሞ የአገርኛውን ግስ ሥርና ዝርዝር ለሚፈልግ ዋና መነሻ ነው። ቅር የሚለኝ በእነዚህ መጻሕፍት ሳይሆን በአጠቃቀማችን ነው። ተማሪ መዝገበ ቃላት ሲገልጥ የመጀመሪያውን ፍቺ ይዞ ይዘጋዋል። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጉግል ትርጉም አማርኛን ስለጨመረ መግለጡም ቀርቷል።

ሌላው ጉድለት የእኛ የመምህራኑ ነው። ስለ ቃላት ውሰት በምናደርገው ክርክር ዓይናችን በስም ላይ ነው። «ኮምፒዩተር» ይባል ወይስ ሌላ ስም ይውጣለት እያልን እንከራከራለን። ስም ግን እንግድነቱን በመልኩ ያስታውቃል። ግስ እንዲህ አይደለም። «ወሰደ» አገርኛ ልብሱን እንደለበሰ የባዕድ ሐሳብ ተሸክሞ ስለሚገባ ማንም አይጠይቀውም። የቋንቋ ለውጥ በስም ሲገባ ይታያል፤ በግስ ሲገባ ግን አይታይም።

«ቋንቋ ሕያው ነው፣ ይለወጣል፤ ምን አስጨነቀህ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እቀበለዋለሁም። «ኮርስ ወሰደ»ን ለማስቀረት የሚደክም ሰው በከንቱ ይደክማል። እኔ የምለው ከዚህ ያነሰ ነው። መለወጡ ግልጽነትን ሲጨምርልን እሰየው፤ መድኃኒቱ ተውጦ ይሁን ተቋጥሮ፣ ሰውዬው ተቀጥቶ ይሁን ተገድሎ እንዳይታወቅ ሲያደርግ ግን የመጠየቅ መብት አለን።

8. መደምደሚያ

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የሞከርሁት፣ «ቴክ» በስሙ ላይ ተደግፎ የሚቆም ባዶነት የሚያጠቃው ግስ መሆኑን፣ «ወሰደ» ግን መራቅንና ጉድለትን የተሸከመ ሙሉ ግስ መሆኑን፣ የፊተኛውን በኋለኛው ስንተካ አንዳንዴ ምንም እንደማንጎዳ፣ አንዳንዴ ግን ግልጽነትን፣ ከዚያም ሲያልፍ ተጠያቂን እንደምናጣ ነው።

በሚቀጥለው የትምህርት ሰዓት ለዚያ ተማሪ ያልሰጠሁትን መልስ ሰጠሁት። «‹ቦታ ወሰደ› ስትል የሣቅነው ምንም ስላልሸፈንህ ነው፤ ስሕተትህ በግልጽ ይታያል። ‹እርምጃ ተወሰደ› ሲባል የማንሥቀው የሸፈነውን ስለምናውቅ ነው» አልሁት። ተማሪው ጥቂት አሰበና «እንግዲያው መምህር፣ በእሱ ፈንታ ምን እንበል?» አለኝ። አንድ ምትክ ቃል አልሰጠሁትም። ከተቀጣ ተቀጣ፣ ከታሰረ ታሰረ፣ ከተባረረ ተባረረ፣ ከተገደለ ተገደለ እንበል፤ ያደረገውንም ሰው በባለቤትነት እንጥራ አልሁት። በዚያን ዕለት ተማሪዎቹ ከየጋዜጣው አንድ አንድ «እርምጃ ተወሰደ» ለቅመው እንዲያመጡና ባለቤት እንዲፈልጉለት የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ብዙዎቹ ባለቤቱን ሳያገኙ ተመለሱ።

ጥናቱ የአንድ ግስና የአንድ አካባቢ በመሆኑ ጠባብ ነው። «ሰጠ»፣ «አደረገ» እና «አካሄደ» በዚሁ መንገድ ቢመረመሩ ብዙ ነገር ይገኛል የሚል እምነት አለኝ። ከአንባብያን በተለይም በሌላ አካባቢ ከሚያስተምሩ የሙያ ባልደረቦቼ ተጨማሪ ምሳሌና እርማት ቢደርሰኝ በደስታ እቀበላለሁ።